አሮጌው አልነሳ ብሏል

ወንድም ዓለም፣

እንደምን አለህ? ጠፍቻለሁ። አንተም ጠፍተሃል እንዳልልህ የመጨረሻው መልእክት ያንተ ነው። ይቅርታ። ስድቡን ስንገናኝ ታወርደዋለህ፤ አሁን ግን ቸግሮኛል።

አሮጌው መኪና አልነሳ አለ።

ሳቅ፣ ሳቅ። «አላልኩህም?» የምትለዋንም ከወዲሁ ሰምቻታለሁ።

መጀመሪያ ቁልፉን ሳዞር አንዴ ጠቅ ይልና ዝም ነበር። ያየው ሁሉ «ባትሪ ነው» ይላል። አንድ መካኒክማ ኮፈኑን በቅጡ ሳይከፍት ባትሪውም፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖም ይቀየር ብሎኝ ሄደ። አንተ «መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ፍታ» ትል የለ? ለካሁ። ባትሪው 12.6 ቮልት፤ ሙሉ ነው። እሱ ብቻውን አያሳምንህም፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ልጄ ቁልፉን እያዞረች እንደገና ለካሁት። (አዎ፣ ቁልፍ ለማዞር ደርሳለች። ያንተን ቦታ ወስዳለች፤ እሷ ግን አትጨቃጨቅም።) የደከመ ባትሪ ቢሆን ከ9.6 በታች ይወርድ ነበር። ይሄ ከ12 ፈቀቅ አላለም። ጉልበቱ አለ፣ ሞተሪኖው ጋ ግን አይደርስም ማለት ነው።

የመለኪያውን አንዱን ጫፍ ኔጋቲቩ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ አስዞርኳት። ከግማሽ ቮልት ማለፍ የማይገባው ከ8 በላይ አሳየኝ። የማሳው ገመድ፣ ባትሪውን ከሞተሩ ብረት የሚያገናኘው! ከላይ ደህና ይመስላል፤ ላስቲኩን ስልጠው ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። በሌላ ወፍራም ገመድ ከኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ ባገናኘው ሞተሪኖው ሽክርክር! ደስታዬን ብታይ።

ግን አሁንም አልተነሳም። ይዞራል እንጂ አይነሳም።

ቤንዚን አለ። የአየር ማጣሪያውን አንስቼ ጋዙን በእጄ ስስበው ካርቡራተሩ ውስጥ ፊጭ ሲል አይቻለሁ። ቤንዚኑ እስኪተን ጠብቄ ካንዴላ ፈታሁና ብልጭታውን አየሁ። ሰማያዊና ጠንካራ መሆን ሲገባት ቢጫ፣ ልፍስፍስ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ስከፍት ፑንቲናው፣ ያ እየተከፈተ እየተዘጋ ኮረንቲውን የሚቆራርጠው፣ ጫፉ ተቃጥሏል። ጨለም ሲል እንደገና አስዞርኳትና ነገሩ ገባኝ፤ ትልቁ ብልጭታ ካንዴላው ላይ ሳይሆን እዚያው ፑንቲናው ላይ ነው የሚጫወተው። ኮንዴንሰሩ ሞቷል። ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር ያንን ብልጭታ የሚውጠው እሱ ነበር። እሱ ከሌለ ቦቢናውም ኮረንቲውን ወደ ካንዴላው በቅጡ አይወረውርም፣ ፑንቲናውም ያራል። ልክ ነኝ? ልክ ነህ በለኝ እስቲ፤ አንዴ እንኳን።

እውነቱን ልንገርህ፣ ልሸጠው ነበር። የብረት ዋጋ የሚከፍል ሰው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየው። ስለ ገንዘቡ ስንጀምር አንተ ትዝ አልከኝና አፌ ተያዘ። ወረቀቱ በእኔ ስም ይሁን እንጂ፣ ለአንተ ሳልነግር... ተወው። እሱን ስንገናኝ እናወራዋለን። ያኛውንም ነገር።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ያ የብረት ሳጥን አለ? አዲስ ኮንዴንሰርና ፑንቲና ያስቀመጥክበት፣ «አንተ ትጥለዋለህ» ብለህ የወሰድከው? መቼም እጥለው ነበር። ካለ ላክልኝ። ወይም... ይዘኸው ብትመጣ ይሻላል። የፑንቲናውን ክፍተት መጽሐፉ 0.4 ሚሊሜትር ይላል፤ አንተ ግን ሁሌ ትንሽ ከፈት ታደርገው ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። ተቀይመህ መልስ ባትሰጠኝም አልፈርድብህም፤ ሳጥኑን ግን ላክ።

ያው ወንድምህ