የተቆጣ ደም ሥር አይታሽም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የእግር ደም ሥር ሲቆጣ መስመሩን ይዞ ይቀላል፣ እንደ ገመድ ይጠጥራል፣ ሲነኩት ያማል። በሰሜን ሸዋ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቀድሞ የሚያስበው ቅቤ አስነክቶ መታሸትን ነው። መቅረት ያለበት ይኸው ነው። በጠጠረው ሥር ውስጥ ብዙ ጊዜ የረጋ ደም አለ፤ ርጋቱ ወደ ውስጠኛው ትልቅ ሥር ዘልቆ ከሆነ ሲታሽ ተገንጥሎ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። ወጌሻ ለወለምታ ይሁን።

ክንድ ላይ ግሉኮስ የተሰጠበት ቦታ ከተቆጣ ካኑላው (ሥር ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) ይነቀል፤ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ያህል ይደረግበት። መግል ወይም ትኩሳት ካለ ሐኪም ይየው።

የእግሩ ግን ይለያል። የጠጠረው ቦታ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ሦስት ጣት ያህል ከደረሰ ወይም ወደ ብሽሽት ከተጠጋ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ለ45 ቀን ያህል ደም ማቅጠኛ ሊያዝ ይችላል፤ ሕመሙ ቀድሞ ቢጠፋም መድኃኒቱ አይቋረጥም።

«እስኪሻለኝ ልተኛ» ማለትም ጉዳት አለው። ደሙን ወደ ልብ የሚገፋው ባት ሲንቀሳቀስ ነው። ሲያርፉ እግርን ከፍ አድርጎ፣ በየሰዓቱ ተነሥቶ መራመድ ነው። አራስ ደግሞ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ለደም መርጋት ይበልጥ የተጋለጠች ስለሆነች ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ አታውሏት። ከደብረ ብርሃን ደሴ የሚጓዝ ሰውም ሸዋ ሮቢት ላይ ወርዶ ይንቀሳቀስ፤ መኪናው ውስጥም ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ።

ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ጾምና ፍስክ ልዩነት አላቸው። በጾም ጎመን ሲበዛ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል፣ በፍስክ ድንገት ሲቀር ደም የመፍሰስ አደጋ ይጨምራል። ጎመን አይከለከልም፣ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይዋዥቅ። እንደ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት በራስ ገዝቶ መጨመርም አይገባም። ይህን የመውጫ ወረቀት ላይ በአማርኛ መጻፍ ለሆስፒታሎቻችን ብዙ ወጪ አይሆንም።

በደጋው የተለመደው፣ ዓመታት የፈጀ የሁለት እግር እብጠት ሌላ በሽታ ነው። አንድ እግር በቀናት ውስጥ አብጦ ባቱ ካመመ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይኬድ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ሲተነፍሱ ደረት ከወጋ ወይም አክታው ደም ከቀላቀለ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ መጭመቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ በተገኘው መኪና ሆስፒታል ይወሰድ።

የጤና ባለሙያዎች፣ ከደብረ ብርሃን