ሳላገባ ፍቺ ለምጠየቅበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በአዳማ ከተማ ለሚገኝ፣ ስሙን እዚህ ለማልጠራው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ ሁለቱ «ለሚመለከተው» ተብለው ተመሩ፤ የሚመለከተው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ሦስተኛው መጥፋቱ በቃል ስለተነገረኝ አራተኛውን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ጉዳዩን ስለሚያውቁት መግቢያ አላበዛም፦ ጽሕፈት ቤትዎ ሳልጠይቀው ዳረኝ፣ አሁን ደግሞ ፍቺሽን አምጪ ይለኛል።

በ2003 የእናቴ እህት ልጅ ለትምህርት ከአሰላ መጥቶ እኔ ቤት ተቀመጠ። መታወቂያ ያስፈልገው ስለነበር አብሬው ቀበሌ ሄድኩ። የቤተሰብ ቅጹን የሚሞላው ሠራተኛ ቤቱ በእኔ ስም መሆኑንና ልጁ ዘመዴ መሆኑን ሰምቶ ሲያበቃ «ወንድ ባለበት ቤት አባወራው እሱ ነው» አለና በሰማያዊ እስክሪብቶ የእሱን ስም በአባወራ፣ የእኔን በእማወራ ቦታ አሰፈረ። ልጁ የ19 ዓመት ተማሪ ነበርና እየሳቅን ወጣን። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የቤታችን ቀልድ ሆኖ፣ ወጥ ባነሰው ቁጥር «ለአባወራው ጨምሪ እንጂ» ይለኝ ነበር። ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ግን አባወራና እማወራ የተባልነው ሰዎች ባልና ሚስት ሆነን ገባን።

ይህንን ያወቅሁት ባለፈው ጥር፣ ቤቴን ለመሸጥ ተስማምቼ 100 ሺህ ብር ቀብድ ከተቀበልኩ በኋላ፣ ለውሉ ያላገባ ማስረጃ አምጪ በተባልኩ ጊዜ ነው። ማስረጃው መጠየቁን አልቃወምም፤ ባሎቻቸው የጋራውን ቤት በድብቅ ሸጠው ሜዳ ላይ የጣሏቸውን ሴቶች በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም የሚለው ደንብም ለእነሱ የቆመ ነው። በመስኮትዎ የተቀመጠችው ልጅ ግን ስክሪኗን አይታ «እህቴ፣ ሲስተሙ ባል አለሽ ይላል፤ ወይ እሱ መጥቶ ይፈርም፣ ወይ የፍቺ ውሳኔ አምጪ» አለችኝ። ፍርድ ቤት ሄድኩ። በሬጅስትራር ያለው ሠራተኛ አቤቱታዬን ሁለት ጊዜ አንብቦ የጋብቻ ማስረጃሽን አያይዢ ቢለኝ፣ አላገባሁም አልኩት። «ታዲያ ምኑን ነው የምናፈርስልሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት መደንገጉን ለእርስዎ አልነግርዎትም። ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል እንደሚፈጸም አውቃለሁ፤ በመረጃ ገልባጭ ጣት የሚፈጸመውን አራተኛ ዓይነት ግን የትኛውም አዋጅ ላይ አላየሁም። ወረቀት በሌለበት ጊዜ ደግሞ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 95 እና 96 የሚመለከተው ሁለቱ ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ቆጥረው መኖራቸውን፣ ቤተሰብና ጎረቤትም እንዲሁ መቀበሉን ነው። ዘመድ እስከ ሰባት ቤት በማይጋባበት ቤተሰብ ያደግን ሰዎች በዚህ መንገድ ብንኖር ኖሮ፣ ከእርስዎ መዝገብ ቀድሞ እድራችን ባወገዘን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የእናቴ ነገር ነው። አባቴ በ2010 ሲሞት፣ በቤተ ክርስቲያን ተጋብታ 38 ዓመት አብራው የኖረችና አምስት ልጅ የወለደችለት ሴት ሚስቱ መሆንሽን በወረቀት አሳዪ ተባለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ የደነገገው በራሱ በሕጉ አንቀጽ 3361 ሥራ ላይ ሳይውል እንዲቆይ ተደርጎ፣ አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መሆኑን የእርስዎ ሠራተኞች ያውቃሉ፤ ስለዚህ ይጠየቅ የነበረው መንግሥት ያልሰጣትን ወረቀት ነው። ሚዜዋ ሞታለች። ሁለት አሮጊቶች በባጃጅ አሳፍረን ፍርድ ቤት ወሰድን፤ አንዷ ጆሮዋ አልሰማ ብሎ ዳኛው ጥያቄያቸውን ሦስት ጊዜ ከደገሙላት በኋላ «የሠርጉን ጠላ የጠመቅሁት እኔ ነኝ» ብላ መለሰችላቸው፣ እናቴም ሚስት ተባለች። በአንድ ቤት ውስጥ የ38 ዓመት ትዳር አንድ መስመር ጽሑፍ አጥቶ ሲንከራተት፣ አንድ መስመር ጽሑፍ ደግሞ ያለ ሠርግ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጠላ እኔን ባለ ትዳር አደረገኝ።

የአክስቴ ልጅ ዛሬ ሐዋሳ ይኖራል፤ የተመዘገበ ጋብቻ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። መዝገብዎ ትክክል ነው ካሉ ይህ ሰው በጋብቻ ላይ ጋብቻ ፈጽሟልና በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 እንዲከሰስ ለዐቃቤ ሕግ የመጻፍ ግዴታ አለብዎት፤ እኔም ተበዳይ ሚስት ሆኜ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ። ትክክል አይደለም ካሉ ደግሞ ፍርድ ቤት ምን ይሠራል? በጽሕፈት ቤት የተጻፈን ስህተት የሚያርመው የጻፈው ጽሕፈት ቤት ነው። ካርዱ ከምድር ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሠራተኛዎ አውጥታ አሳይታኛለች፣ ባል የሚል ቃል የለበትም።

ገዢው እስከ ወሩ መጨረሻ ታግሦኛል። ከዚያ ካለፈ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካልፈጸመ እጥፉን ይመልሳል የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 እኔን ይመለከተኛል፣ ከኪሴም 100 ሺህ ብር ይወጣል። ካርዱንና ስክሪኑን ጎን ለጎን አድርገው ለማየት ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅብዎትም።

ከሰላምታ ጋር፣
በመዝገብዎ ወይዘሮ፣ በቤቷ ወይዘሪት የሆነች የአዳማ ነዋሪ