ደብዳቤ ለልጄ፦ ወረፋው ደረሰኝ ብለሽ አትሳፈሪ

ሀያትዬ፣ የኔ ልጅ፣ አሰላሙ አለይኩም።

እንኳን ለልደትሽ አደረሰሽ። ያው እኛ ቤት ልደት የሚባል ነገር ከአንቺ ጋር ነው የመጣው። እኔም እናትሽም የተወለድንበትን ቀን በውል አናውቀውም፤ "ቡና በሚለቀምበት ሰሞን" ነው የሚባለው፣ በቃ። አንቺ ግን ተጽፎልሻል። ሐሙስ 25 ይሞላሻል። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ከክፉ ይጠብቅሽ።

በቴሌግራም የላክሽውን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ዓርብ ከጓደኞችሽ ጋር አቡዳቢ፣ ያስ ደሴት፣ ፌራሪ ወርልድ የሚባለው መዝናኛ ፓርክ ልትሄዱ ነው። ያንን ፎርሙላ ሮሳ የሚሉትን ሮለርኮስተር፣ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘገውን የመዝናኛ ባቡር ልትሳፈሩ ነው። ደስ ይበልሽ። በላብሽ ያገኘሽው ገንዘብ ነው፣ ማንም ሊናገርሽ አይችልም። ግን ሌላም ነገር ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አልነግርሽም፤ አንቺም ታውቂያታለሽ፣ እዚያ ያለችው የአክስትሽ ልጅ አፏ አያርፍም። ባለፈው ወር ሥራ ላይ ቆመሽ ሳለ ዞሮብሽ ወድቀሻል። ደም ማነስ ነው ተብለሽ ኪኒን ተሰጥቶሻል። ከዚያም "ለአባዬ እንዳትነግሪ" ብለሻል። ይሄ አናዶኛል። ስትመጪ እንነጋገርበታለን። እናትሽ አልሰማችም፣ እኔም አልነግራትም፤ የሷን ነገር ታውቂዋለሽ፣ በነጋታው ቦሌ ነው የምትገኘው።

አትሂጂ አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምልሽ፦ ወረፋው ደረሰኝ ብለሽ አትሳፈሪ። ደህና ከሆንሽ ተሳፈሪ። ካልሆንሽ በሩ ላይ ደርሰሽም ቢሆን ተመለሺ።

ማሽኑን ፈርቼ እንዳይመስልሽ። ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሰው ብረት አይፈራም። ልጆቹ በስልካቸው አሳዩኝና የምሳ ሰዓታችን በሙሉ በሱ አለቀ። በእውነት ድንቅ ሥራ ነው። ባቡሩ ሞተር የለውም፣ ይሄን ታውቂያለሽ? በተለመደው ሮለርኮስተር ካቴና ነው ስቦ ጫፍ የሚያደርሰው፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው የራሱ ክብደት ነው። ሽቅብ ሲወጣ ቀ ቀ ቀ ቀ የሚለውን ድምፅ ሰው ሁሉ ይፈራዋል። እሱ እኮ ካቴናው ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥርስ ነው! ያንቺው ግን ካቴና የለውም። በዘይት ግፊት የሚሠራ መሳቢያ ነው የሚወረውረው። በ5 ሰከንድ አካባቢ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይገባል። በፈረንጆቹ 2010 ነው የተከፈተው፣ ለብዙ ዓመታትም ከዓለም ፈጣኑ እሱ ነበር። አሸዋና ትንኝ ዓይን እንዳይገባ መነጽር ያድላሉ። መነጽሩን እንዳታወልቂ። ለፎቶም ቢሆን።

ጎማውስ? ከሐዲዱ በላይ የሚሽከረከር አለ፣ ከጎን የሚይዝ አለ፣ ከሥር ደግሞ ሌላ አለ። የሥሩን ጎማ ጆን ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ነው በ1919 በስሙ ያስመዘገበው። ባቡሩ ቢዘቀዘቅም ከሐዲዱ የማይነቀለው በእሱ ምክንያት ነው። ከሁሉም ግን የወደድኩት ፍሬኑን ነው። ብዙዎቹ አዳዲሶቹ ፍጥነት የሚቀንሱት በማግኔት ነው። ዝርግ ብረት በማግኔቶች መሃል ሲያልፍ ራሱ ይይዘዋል። ሸራ የለው፣ የሚያልቅ ነገር የለው፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ይሠራል። መብራት ቢጠፋ! ጅማ ተቀምጦ ይሄን መስማት እንዴት እንደሚያስቀና። የጊቤን ቁልቁለት ለሚወርድ አይሱዙ ይሄን በገጠምኩለት እያልኩ ነው ያደርኩት።

እና ማሽኑ ተፈትሿል። ያልተፈተሽሽው አንቺ ነሽ።

ሲወረወር ሰውነት ይጫናል። አቅጣጫ ሲቀይር ደግሞ ወደ ታች ሲጫንሽ ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይሸሻል፤ ጤነኛውም ሰው ለአፍታ ዓይኑ ጭልም ሊልበት ይችላል። ሥራ ላይ ቆሞ ለወደቀ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አንቺው አስቢው። መግቢያው ላይ ልብ፣ ደም ግፊት፣ አንገት፣ ወገብ፣ እርግዝና እያለ የተለጠፈውን ቆመሽ አንብቢ። አንገትን በከንቱ አይደለም የሚጽፉት። በ1895 ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ ፍሊፕ ፍላፕ የሚባል ሠርተው ነበር፣ የሚገለብጠውን ቦታ ድፍን ክብ አድርገው። ሰው አንገቱን እያመመው ይወርድ ነበር፤ ክቡ ውስጥ ሲገባ ጫናው ድንገት ነው የሚመጣው። በ1976 ካሊፎርኒያ ላይ ሬቮሉሽን የሚባለውን ሲሠሩ ነው ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ አድርገው ነገሩን የፈቱት። ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው አየሽ? ፎርሙላ ሮሳ አይገለብጥም፤ ይሄን አውቃለሁ። ግን ጓደኞችሽ "እዚያኛውም ላይ እንውጣ" ማለታቸው አይቀርም።

አሁን ወደ ሰልፉ ልምጣ፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

አንድ ባቡር 16 ሰው ይይዛል። በየሦስት ደቂቃው አንድ ቢወጣ በሰዓት 320 ሰው ነው። ከፊትሽ 600 ሰው ካለ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ባቡር ቢጨምሩም እንደ ታክሲ ተከታትሎ አይሄድም። ሐዲዱ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፣ የፊተኛው ከክፍሉ ሳይወጣ የኋላኛው አይገባም። ነፋስ ከበረታ ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። ይሄ ሁሉ ለምን? ሐዲዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመነሳት እስከ መቆም አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው።

ችግሩ መቆሙ ብቻ አይደለም። ሰልፍ ሰውን ይቀይረዋል። እናትሽ ቀበሌ በር ላይ ስኳር መጣ ተብላ ተሰልፋ ሳሙና ተሸክማ የመጣችበትን ቀን አስታውሺ። "ይሄን ሁሉ ቆሜ ባዶ እጄን ልመለስ?" ነው ያለችው። ያ ሳሙና አሁንም አለ። ባጃጅ ነጂዎቹም እንደዚያው፤ ቤንዚን ለመቅዳት ውለው አድረው፣ ተራቸው ሲደርስ ታንከሩ ግማሽ ቢሆንም አይወጡም። ሁለት ሰዓት የቆመ ሰው "አሞኛል" ብሎ ለመውጣት ያፍራል። በተለይ አንቺ። ገና ልጅ ሆነሽ እንኳ ወደቅሽ ሲሉሽ "አልወደቅኩም" ነበር የምትይው። ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በባጃጅ ስንወርድ ፊትሽ ነጭ ሆኖ "ደግመን እንውረድ" ያልሽው አይረሳኝም። ታች ስንደርስ አስመለሰሽ።

ስለዚህ ደግሜ እልሻለሁ፣ ተሰልፌያለሁና ልሳፈር አትበዪ። ማንም አይጠይቅሽም። ማንንም ማስረዳት የለብሽም።

አያትሽ ይሄን ታውቅበት ነበር። ይሄን ታሪክ ግማሹን ነው የምታውቂው።

አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ሊቀጥረኝ ተስማምቶ ነበር፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ። እናቴ እህቷ ጋ ልታደርሰኝ አብራኝ ተነሳች። የአረፋ ሰሞን ነው፣ መናኸሪያው ሰው በሰው ነው። ሌሊት ሄደን ተሰለፍን። ያን ጊዜ ወረፋ ማለት ግፊያ ነው፣ ክርን ነው። እንደምንም ወንበር አገኘን። ሞተር ተነስቷል፣ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ነው። እናቴ እጄን ያዘችና "እንውረድ" አለች። "ለምን?" ስል "እንውረድ" ብቻ። ሰው ሁሉ እያየን ወረድን። ረዳቱ "ሴትዮዋን ምን ነካት?" እያለ ሳቀብን። ወንበራችን ላይ እኛ ከአውቶቡሱ እግራችንን ሳንነቅል ሌላ ሰው ተቀመጠበት።

አሁን አውቶቡሱ ጊቤ ላይ ተገለበጠ ብዬ የምጨርስ መስሎሻል። አልተገለበጠም። ጊቤንም ተሻገረ፣ ወልቂጤንም አለፈ፣ በደህና ገባ። እኔ ዘገየሁ። ጋራዡ ሌላ ልጅ ቀጠረ። እኔ እዚሁ ጅማ ቀረሁ፣ ቀሪውን ታውቂዋለሽ። ኑሮ በከበደብኝ ቁጥር "ያን ቀን ከአውቶቡሱ ባታወርጂኝ ኖሮ" እላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልመለሰችልኝም። "ልቤ አልወደደውም" ትልና ቡናዋን ትቀዳለች።

ልቧ በእውነትም አልወደደውም ነበር። ታማ ተኝታ ሳለች ነው የነገረችኝ። ያን ሌሊት ሰልፉ ላይ ደረቷን ሲጨምቃት ነው ያደረው። ተሳፍራ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ያን ሁሉ ሰው ላስቸግር ነው ብላ ፈራች። አሞኛል ብትል ደግሞ እኔ እደነግጣለሁ። እና ዝም ብላ ወረደች። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ቀን ስወቅሳት ኖርኩ። ይቅር በዪኝ ስላት "ታዲያ እዚህ በመቅረትህ ሀያት አልመጣችም?" አለችኝ። አላህ ጀነት ይወፍቃት።

ይሄን የጀመርኩት ለምክር ነበር፣ ወዴት እንደሄደብኝ እንጃ። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ብዪ። ብስኩት ቁርስ አይደለም፣ እንቁላል ብዪ። ጠግበሽ ወዲያው ግን አትሳፈሪ። ውኃ ጠጪ። ኪኒንሽን በቡና ወይም በሻይ እንዳትውጪ፣ ከሥራው ያደናቅፉታል፤ የጅማ ሰው ይሄን ሲልሽ የምሩን መሆኑን እወቂ። በውኃ ዋጪው፣ ቡናሽን ቆየት ብለሽ ጠጪ። ሰልፍ ላይ ድርቅ ብለሽ አትቁሚ። ጣትሽንም ቁርጭምጭሚትሽንም አንቀሳቅሺ፣ ደም እግር ላይ እንዳይቀመጥ። ከዞረብሽ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ በዪ፣ ልብስሽ ይቆሸሻል ብለሽ አትጨነቂ። ሻርፕሽን ጫፉ እንዳይንጠለጠል አድርገሽ እሰሪው። ክፍት ጫማ አታድርጊ። ስልክሽን ለዕቃ ማስቀመጫው ስጪ። የአያትሽን የወርቅ ጆሮ ጌጥ ከቤት አታውጪው፣ በ240 ፍጥነት ከጠፋ ማን ያገኘዋል?

ጓደኞችሽ "ፊተኛው ወንበር ካልሆነ" ብለው የፊቱን ወረፋ ይጠብቁ ይሆናል። እነሱ ይጠብቁ። አንቺ መሃል ተቀመጪ። ብቻውን ለሚሳፈር ሰው የተለየ አጭር ወረፋ ካለም አትግቢበት፤ ከማታውቂው ሰው አጠገብ ሆነሽ ዞረብኝ ለማን ትያለሽ? ገንዘብ ከፍሎ ሰልፍ የሚያዘልል ፈጣን ትኬትም አለ አሉ። እኔ በሰልፍ የሚያልፈኝን ሰው እንዴት እንደምጠላው ታውቂያለሽ። ለዚህ አንድ ቀን ግን ግዢው። ጎደለ ካልሽ እኔ ልኬ እተካልሻለሁ። ለእናትሽ አትንገሪ።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ አጥብቆ የሚይዝሽን ዘንግ እነሱ ቢፈትሹትም አንቺም ራስሽ ግፊው። ጭንቅላትሽን ወደ ኋላ መደገፊያው ላይ አስደግፊው፣ ለካሜራ ብለሽ አትዙሪ። ቢስሚላህ በዪ። ከዚያ በፊት ግን፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ቆም ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። "ደህና ነኝ?" ካልሽና መልሱ ቶሎ ካልመጣ ውጪ። ወረፋው ደረሰኝ ብለሽ አትሳፈሪ። ጓደኞችሽ ይሳቁ፣ ረዳቱም ስቆብናል።

ከጉዞው በፊት ሐኪም ጋ ሄደሽ ደምሽን እንደገና አስለኪ። የወረቀቱን ፎቶ ላኪልኝ። ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ጡረታ የወጣው ጎረቤታችን ያነብልኛል፤ አፉ ዝግ ነው፣ አትጨነቂ። ውጤቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ፓርኩን ለሌላ ጊዜ አድርጉት። ሐዲዱ የትም አይሄድም።

ቡናሽ ተቆልቶ ተዘጋጅቷል። የሐጂ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ ይበራል፣ በሱ እልክልሻለሁ። ማርም ጨምሬበታለሁ። የጫማ ቁጥርሽንም ጻፊልኝ፣ እናትሽ ሂርማታ ገበያ አንድ ነገር አይታልሻለች፣ ሌላውን አልናገርም። የፓስፖርትሽ ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ ንገሪኝ፣ ባለፈው ጠይቄሽ ዝም ብለሻል።

ዓርብ ማታ ደውዪ። ብትሳፈሪም ባትሳፈሪም ደውዪ። ቪዲዮ ከተቀረጽሽ መጀመሪያ ለእኔ ላኪው፤ የምትጮሂበትን ቦታ ቆርጬ ነው ለእናትሽ የማሳያት።

አባትሽ
ጅማ