ዕጣው አይቅር፤ ግን ተማሪዎቹ ምን እንደሚደርሳቸው ይወቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራው ከዩኒቨርሲቲው ከተማ በመኪና ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የሕክምና ተማሪዎች በመጨረሻው ዓመታቸው፣ ኢንተርን ሲሆኑ፣ በዕጣ ተደልድለው ወደ እኛም ይመጣሉ። ስለዚህ ድልድል ተማሪዎቹ ያማርራሉ፣ ዩኒቨርሲቲው መልስ ይሰጣል። ተቀባዩ ሆስፒታል ሲናገር ግን ሰምቼ አላውቅም። የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርንሺፕ አንድ ዓመት ይፈጃል። ተማሪው በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማህፀንና ጽንስ ክፍሎች እየተዘዋወረ ይሠራል። ተማሪው ከበዛ ማስተማሪያ ሆስፒታሉ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የተወሰኑት ወደ ተባባሪ ሆስፒታሎች ይላካሉ። እኛ ጋ የሚመጡት እንደነገሩኝ ከሆነ የክፍሉ ተጠሪ ወረቀት ይቆራርጣል፣ የቦታዎቹን ስም ጽፎ ይጠቀልላል፣ ሁሉም ተራ በተራ ያነሳል። ከዚያ መቀያየር ይጀመራል። አንዳንዱ በወዳጅነት ይቀያየራል። አንዳንዱ ደግሞ ገንዘብ ይጨምራል።

ዕጣው ይቅር የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዕጣ ከቀረ ሰው ያለው ከተማ ይቀራል፣ ሰው የሌለው ወደ እኛ ይመጣል። ዕጣ ቢያንስ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ልጆቹ ወረቀቱን የሚያነሱት ምንም ሳያውቁ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የሆስፒታሉ ስም ብቻ ነው። ስፔሻሊስት አለ? ሌሊት ኦፕራሲዮን ይሠራል? ማደሪያ አለ? ውሃ ይመጣል? መንገዱ ሰላም ነው? ይህን ቁጭ ብሎ የሚነግራቸው የለም። የሚሰሙት ወሬ ነው፤ ወሬው ደግሞ እዚያ የደረሰው አለቀለት የሚል ነው። ስለዚህ ፊታቸውን ጥለው ይመጣሉ። እናትና አባታቸውም ስልክ አያስቀምጧቸውም። ስለ መንገዱ ይጨነቃሉ፣ ደግሞም እውነት አላቸው።

ባለፈው ክረምት የደረሰችን አንዲት ልጅ ነበረች። ሰኞ ገባች፣ የዚያኑ ሌሊት ተረኛ ሆነች። በተረኛ ማደሪያው ክፍል የነበሩት ወንዶች ስለሆኑ የምትተኛበት አልነበረም። ሻንጣዋን እኛ ሻይ የምንጠጣበት ክፍል ውስጥ አስቀመጠች። የሚቀይራት ሰው እየፈለገች ስልኳ ላይ ታለቅስ እንደነበር አይቻለሁ። ልቤ አዘነላት፤ የሷ ጥፋት አልነበረማ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ሌሊት አምስተኛ ልጇን የምትወልድ እናት መጣች። ልጁ በሰላም ተወለደ። ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ 10 ዩኒት ወጋናት። የእንግዴ ልጁም ሙሉ ሆኖ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ግን ደሙ አልቆም አለ። የኢንተርኗን እጅ ይዤ የእናትየው ሆድ ላይ፣ ከእምብርቷ አጠገብ አሳረፍኩት። «ዶክተር፣ እዚህ ጋ ዳስሺ» አልኳት። (እናቶች ፊት ሁሌም ዶክተር ብዬ ነው የምጠራቸው።) ማህፀኗ እንደ ሊጥ ለስልሷል። «አሁን ማሸት ጀምሪ፣ እንዳታቆሚ» አልኳት። እሷ ታሻለች፣ ባልደረባዬ በደም ሥሯ ፈሳሽ ይሰጣል፣ እኔ የረጋውን ደም አወጣለሁ፣ ሽንቷንም በቀጭን ቱቦ (ካቴተር) አስወጣሁ። ማህፀኗ እየጠነከረ ሲመጣ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ሲስተር፣ ተሰማኝ» አለች።

በኋላ ሻይ ስንጠጣ ያለችኝን ልንገራችሁ። የዚህን ሕክምና ቅደም ተከተል ለፈተና በቃሏ አጥንታዋለች። እጇ ግን ነክቶት አያውቅም ነበር። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ እናቲቱ ጋ ቀድሞ የሚደርሰው ሬዚደንቱ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም ነው። ከሱ ቀጥሎ ሌሎች ኢንተርኖች አሉ። እሷ ከኋላ ቆማ አንገቷን እያሰገገች ነበር የምታየው። እኛ ጋ ከፊቷ የሚቆም የለም።

ይህን የምለው እጥረታችንን ላሳምር አይደለም። ከፊቷ የሚቆም አለመኖሩ ያስተምራታል፤ ከጎኗ የሚቆም ሐኪም አለመኖሩ ግን ያስፈራኛል። ከዩኒቨርሲቲው በየጊዜው ይመጣል የተባለው ሲኒየር ሐኪም በቆይታዋ ብቅ ያለው አንዴ ብቻ ነው። የሠራችው የሚመዘገብበትን ሎግ ቡኳን የሚፈርምላት አጥታ ወረቀቱን ይዛ ትዞር ነበር። የከበደ ነገር ሲመጣ ስልክ እንደውላለን፤ ኔትወርክ ከሌለ እሱም የለም። ሰው ስለሚያንሰን ደግሞ ተማሪ መሆናቸውን እየረሳን እንደ ቅጥር ሠራተኛ ተራ እናስገባቸዋለን። ከዚያ ለፈተና ሲጠሩ የሌሊት ተራው በሙሉ ይፈርሳል። ይህ ለእነሱም ለእናቶቹም ደግ አይደለም።

ተማሪን ከከተማ ማውጣት ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽህና ባለሙያዎችን (ሳኒታሪያኖችን) ያሠለጥን የነበረው በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እያወጣ ጭምር ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲም ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ ትምህርቱ ይታወቃል። ያኔ መውጣቱ የትምህርቱ አካል ነበር። አሁን ልጆቹ እንደ ቅጣት ነው የሚያዩት። እኛም ባዶ ክፍል አሳይተን ስንቀበላቸው ቅጣት መሆኑን እናረጋግጥላቸዋለን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዕጣው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይውጣ፤ ልጆቹ ቤት የሚፈልጉበት፣ ብር የሚያጠራቅሙበት ጊዜ ያግኙ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባና ክትትል የማይቋረጥበት ሕመም ያለበት ተማሪ እንዴት እንደሚስተናገድ ከዕጣው በፊት ተጽፎ ይለጠፍ፤ አለበለዚያ ልመና ይሆናል። መቀያየሩም በጓሮ ከሚሆን በግልጽ ይመዝገብ። ሲኒየር የማይላክበት ቦታ ደግሞ ዕጣው ውስጥ አይግባ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም፣ የኛም ሆስፒታል ቢሆን።

ከሁሉም በፊት ግን እያንዳንዱ ሆስፒታል ያለውንና የሌለውን በአንድ ገጽ ጽፎ ይላክ፤ ተማሪዎቹ ወረቀት ከማንሳታቸው በፊት ያንብቡት። የኛን የማዋለጃ ክፍል እኔ ልጀምር። የማዋለጃ አልጋ ሦስት አለን። ምጥ ሲከብድ ልጁን ስቦ ለማውጣት የሚረዳ ቫኪዩምና አልትራሳውንድ አለ፣ ይሠራሉ። የማህፀን ስፔሻሊስት የለንም፤ ኦፕራሲዮን የሚሠራው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ነው፣ ሌሊትም ሲጠራ ይመጣል። ደም ባንክ የለም፤ ደም የሚመጣው ከከተማ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ፣ ነዳጅ እስካለ ድረስ። ውሃ በፈረቃ ነው። ለሴት ተማሪዎች ማደሪያ እስካሁን የለም፤ አንድ ክፍል እንዲለቀቅልን አስተዳደሩን ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው። ለማስተማር ፈቃደኛ የሆኑ አዋላጆች በሁሉም ተራ አሉ።

አዋላጅ ነርስ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይያዝልኝ)