መጀመሪያ ጠባቂው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው።

በእናታችሁ ስም ያቋቋማችሁትን ፋውንዴሽን የዘንድሮ በጀት ወንድምሽ አነበበልኝ። ደስ አለኝ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ለችግኝ ተይዟል፣ ለቲሸርት ተይዟል፣ ለቪዲዮ ቀራጭ ተይዟል፣ ስሟ ለሚጻፍበት ታፔላም ተይዟል። ለጠባቂ ግን አንድ ብር የለም።

ለጠባቂ ሳትይዢ ለችግኝ አትክፈይ።

ሐምሌ ላይ መትከል ቀላል ነው። ዝናቡ አለ፣ ሰው አለ፣ ፎቶ አለ። ችግኙ የሚሞተው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው። አዝመራው ሲሰበሰብ ከብቱ በየሜዳው ይለቀቃል። ፍየል ታፔላ አታነብም።

ጋይንት ስሠራ የነበረውን ነግሬሽ ይሆናል፤ ድጋሚ ስሚኝ። በደርግ ጊዜ ምግብ ለሥራ የሚባል ነበር። ገበሬው እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ በቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይቀበላል። ስንዴው የሚሰፈረው ለጉድጓዱ ነው። ዛፉ ጸደቀ አልጸደቀ ብሎ የሚከፍል አልነበረም። ዛፉም "የመንግሥት ዛፍ" ነበር የሚባለው። እናትሽን ያወቅኋት እዚያ ነው። ተማሪዎቿን አሰልፋ ለተከላ መጣች። ጭቃው አንድ ጫማዋን አስቀረባት፤ በአንድ እግሯ ቆማ ትስቃለች። ተራራው እያደር ለምልሞ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሰዉ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ተራራው ራቁቱን ቀረ። ገበሬውን አልወቅስም፤ የእኔ ነው የሚያሰኘው ምን ነበረው? እናትሽ ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ስናልፍ ወደዚያ አታይም። አንድ ቀን መልሰን እንተክለዋለን እላት ነበር። ሳንተክለው ሄደች።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ጠባቂው። ዱላ ይዞ የሚዞር አንድ ሽማግሌ አይበቃም። መጀመሪያ ከቀበሌው ጋር ተስማምታችሁ ቦታውን ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ አድርጉት። ሣሩን አጭደው የሚወስዱ፣ ቀፎ የሚሰቅሉ የሰፈሩ ወጣቶች ይደራጁ። ጥቅም ያገኘ ሰው ይጠብቃል። አንዳንድ ቦታ ምንም ሳይተከል፣ አፈሩ ውስጥ የቆየው ዘር ራሱ ይወጣል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እዚሁ ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በድንጋይ ካብ ሲያሳጥሩ ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ነበር የሚለቀመው። ማሳው ጸዳለት፣ ደኑም ታጠረ። የታፔላውን ገንዘብ ለካብ አድርጊው።

ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል የሚሉሽን ምንጭ አጠገብ እንዳትሰሚያቸው። ውሃውን ይጨርሰዋል። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና ይሁን።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ። የአክስትሽ ልጅ "እኔ እይዝላችኋለሁ" ማለቱን ሰምቻለሁ። ልጁን እወደዋለሁ። አይሆንም። እዚህ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። እዚያ አሜሪካ ደግሞ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ገደማ ማውጣት ግዴታው ነው። ጊዜው ደረሰ ብላችሁ፣ ያቺን 5 በመቶ ለመሙላት፣ ያገኛችሁት ላይ እንዳትበትኑት። ገንዘቡ በባንክ፣ በሁለት ፊርማ፣ በደረሰኝ ይሂድ።

የትምህርት ቤቱን የሴት ልጆች መጸዳጃ ቤትና ውሃ ግን ከበጀቱ እንዳትነኪው፣ አደራ። እናትሽ በመሳቢያዋ ሞዴስ ታስቀምጥ ነበር፣ ከዚያች ከደመወዟ እየገዛች። ልጆቹ በወር አበባ ምክንያት እንዳይቀሩ ነው። እሷ ብትኖር ከዛፉ በፊት ይህን ነበር የምትለው። የኔ ሆድ፣ አንቺም እሷን ነው የምትመስይው። እዚያም ግን ቧንቧው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? እሱንም አስቢበት። ጠባቂ፣ ጠባቂ።

ሐምሌ ላይ መንገዱ ሰላም ከሆነ ነይ። ካልሆነ አዲስ አበባ እኔ እመጣለሁ፣ ትግል እንዳትገጥሚ። ቢጫ ካርድሽ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያሽ፣ ጊዜው እንዳላለፈ እዪ። የግፊት መድኃኒቴን እንዳትረሺ። ቲሸርቱን ተይው፣ ቦት ጫማ አምጪ።

አዲሱን በጀት ለወንድምሽ ላኪለትና በትልልቅ ፊደል አሳትሞ ያምጣልኝ። ለጠባቂ የተያዘው ከላይ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን።

አባትሽ