ግልጽ ደብዳቤ ለባሕር ዳር ከተማ ከንቲባ፦ ስለ ነገደ ወይጦ፣ ስለ ደንገሉና ስለ ዳርቻው

ክቡር ከንቲባ፣

የባሕር ዳርን ስም ለሚያነሣ እንግዳ ቀድሞ የሚታየው ታንኳ ነው። በሆቴሉ ግድግዳ ተስሎ ይታያል፤ ለመታሰቢያ የሚገዛውም ከደንገል፣ ማለት በረግረግ ከሚበቅለው ረጅም ተክል፣ የተሠራችው ትንሿ ታንኳ ናት። የታንኳ ሥራን ሙያ ጠብቀው ያቆዩት የጣና ዳርቻ ነዋሪዎች፣ ነገደ ወይጦዎች፣ ግን ዛሬም አብሯቸው ማዕድ የሚቆርስ፣ ልጁን ለልጃቸው የሚድር ጎረቤት ማግኘት ይቸግራቸዋል። በጣና ዳርቻ በደንገልና በዕደ ጥበብ ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች ይህን የምንጽፍልዎ፣ ንቀቱ በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በመሬትና በወረቀት አሠራር ውስጥም እንደሚኖር ስለምናውቅ ነው። የልቡን ማንም በደብዳቤ አይለውጠውም። የወረቀቱ ግን በእጅዎ ነው።

የንቀቱ መነሻ ምግብ ነው። ነገደ ወይጦ ጉማሬ አዳኝ ነበር፤ ሥጋውን ይበላል፣ አምባዛም ይበላል። ለኦርቶዶክሱ ቅርፊት የሌለው ዓሣም ሆነ ጉማሬ ርኩስ ነው። እስልምናን የተቀበሉ ቢሆኑም ሌላው ሙስሊም በዚያው በጉማሬው ሳቢያ አንድ ገበታ ሊቀርብላቸው አልወደደም። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አፍ የሚፈቱት በአማርኛ ነው፤ የጉማሬ አደኑም ቀርቷል። ምክንያቱ ከሄደ በኋላ ንቀቱ ለምን አብሮ አልሄደም ብንል፣ መልሱን ከታንኳው አሠራር እናገኘዋለን።

ደንገል ቁመቱ ከ3 እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፤ አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው፣ ውስጡ አየር ያዘለ ለስላሳ ሥጋ አለው። ታጭዶ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እርጥቡ ከባድ ነው፤ ከልክ በላይ የደረቀው ደግሞ የታንኳው ፊት ሲታጠፍ ይሰበራል። ከዚያ መሐሉ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ሆኖ ይታሰራል፤ እስሮቹ ጎን ለጎን በልጥ ገመድ ይጠፈራሉ፣ የፊቱ ጫፍ ወደ ላይ ይቀለበሳል። በላዩ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባበታል፤ ቀዛፊውና ጭነቱ ከውኃው ከፍ እንዲሉ። ጣውላ ጀልባ የሚንሳፈፈው ውኃ ስለማያስገባ ነው። ታንኳ ግን ውኃ ያስገባል፤ የሚያንሳፍፈው በአገዳው ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ወደ ደረቅ ተጎትቶ ፀሐይ ላይ መቆም አለበት። ይህ ከተደረገለት አንድና ሁለት ወር ያገለግላል። ካልተደረገለት አገዳው ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ በጥቂት ሳምንት ይጣላል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ ታንከኛ ለመኖር ሁለት ነገር ያሻዋል፤ ደንገል የሚበቅልበት ረግረግና ታንኳ የሚሰጣበት ዳርቻ። ሁለቱም ከእጁ ወጥተዋል።

ደንገል ሥሩ ሳይነካ ከታጨደ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ መልሶ ይደርሳል። የሚገድለው ማረሻ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ በኋላ የሐይቁ ከፍታ የሚወሰነው በሰው እጅ ሆነ፤ በ1995 ዓ.ም. ውኃው ክፉኛ ሲወርድ ደግሞ ባሕር ሸሽ መሬቱ ለእርሻ ተያዘ፣ ደንገሉም ተመነጠረ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም መጣና የታንኳውን መውጫ ዘጋ። በከተማው በኩል ያለውን ዳርቻ ሆቴሉና ሎጁ አጥሮታል። ሌማትና ቅርጫት የሚሰፉት ሴቶችም ጥሬ ዕቃቸው ያው ደንገል ስለሆነ፣ የእነሱም ገበያ አብሮ ወደቀ። ሥራው ሲጠፋ ሰውየው ለማኝና ሥራ ፈት ተብሎ ይጠራል፤ የዱሮው ስድብ በዚህ አዲስ ማስረጃ አገኘ።

ወረቀቱ ጋ ስንመጣ፣ መሬት ለልማት ሲወሰድ የሚሠራበት የካሣ ዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሣ የሚያስበው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ለትውልድ የታጨደ የደንገል መስክ ግን ካርታ የለውም። ታንኳ የሚሰጣበት አሸዋም ካርታ የለውም። ቤቱ ካርታ ከሌለው የቤት ቁጥር ማግኘት ያስቸግራል፤ ያለ ቤት ቁጥር መታወቂያ፣ ያለ መታወቂያ የቁጠባ ደብተርና ብድር አይታሰብም። ማንም «አንተ ወይጦ ነህና አይሰጥህም» ማለት ሳያስፈልገው ሰውየው ከበር ይመለሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 እኩልነትን፣ በአንቀጽ 89 ደግሞ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍን ደንግጓል፤ አፈጻጸሙ ወደ ቀበሌ መስኮት መውረድ አለበት።

ስለዚህ የምንጠይቅዎ ይህ ነው። በሐይቁ ዳር በከተማው ክልል ውስጥ የቀረው የደንገል መስክ ተለክቶ በካርታ ይውጣ፤ የማጨድ መብቱም በማኅበር ተደራጅተው ለሚጠቀሙት ነገደ ወይጦዎች በጽሑፍ ይሰጥ። መስኩ ተከፋፍሎ በየተራ ይታጨድ፤ ሁሉም በአንድ ወቅት ከታጨደ መልሶ እስኪደርስ ሥራው ይቆማል። ወደ ውኃው የሚያስወጣ መንገድና የታንኳ ማድረቂያ ቦታ ሳይታጠር ይቆይ፤ የዳርቻ ሊዝ ሲሰጥ ይህ ከውሉ ውስጥ ይግባ፣ በኋላ የሚለመን እንዳይሆን። በይዞታቸው ላይ ለረጅም ጊዜ የኖሩትን ቤተሰቦች መዝግባችሁ ሰነድ ስጧቸው። የማስነሣት ግዴታ ከመጣ ደግሞ ቤት በመስጠት ብቻ አይበቃም፤ ከሐይቁ የራቀ ቤት ለታንከኛ የሙያው ማለቂያ ነው። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ደንገል አይሰጣም።

በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ያለው ነገር ገንዘብ አያስወጣም። ልጆቹ በነገዳቸው ስም ሲሰደቡ ርእሰ መምህሩ እንደ ሌላው የዲሲፕሊን ጥፋት መዝግቦ ይጠይቅ፤ አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት ያለፈ ስድብ ልጅን ከክፍል ለማስወጣት በቂ ነው። በመሥሪያ ቤት ቡናና በስብሰባ መስተንግዶ ላይ ለነገደ ወይጦዎች ኩባያ የሚለይ ሠራተኛ ካለ፣ የሥራ ኃላፊው አጠገባቸው ተቀምጦ ከአንድ ገበታ ይብላ። እነዚህን ነገሮች ስብሰባና መፈክር አያመጧቸውም፤ ሹሙ ሲያደርገው ግን ሌላው ይከተላል።

ለከተማው የሚሠራው መሪ ፕላን ሲከለስ፣ የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎችና ቅርጫት የሚሰፉት ሴቶች ከረቂቁ ጊዜ ጀምሮ እንዲጠሩ እንጠይቃለን። የት ቦታ ደንገል እንደሚያገግም፣ በክረምት ውኃው የት ድረስ እንደሚመጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣

ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ