በጎ ፈቃድ ለምን ክረምት ብቻ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ክረምት በገባ ቁጥር ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ትጽፋላችሁ። ደግ ነው። ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች የአቅመ ደካማ ቤት ሲያድሱ ማየት ማንን ያስከፋል? እኔን ቅር የሚለኝ ወቅቱ ነው።

የጭቃ ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። ምርጊት የበጋ ሥራ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ይረገጣል፣ ከተመረገ በኋላ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል። እኛ ግን የእናቶችን ቤት የምናፈርሰው ሐምሌ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የአንዲት እናት ቤት ቆርቆሮ ጠዋት ወረደ። ከሰዓት ዶፉ መጣ። ፍራሻቸውን በላስቲክ ጠቅልለን ጎረቤት በረንዳ ላይ ወሰድን። ቡሃቃቸው ሳይቀር ውሃ ሞላው። ልጆቹን አልወቅስም፤ እስኪመሽ እየበሰበሱ ሲለፉ ነው የዋሉት። ያው ሥራ ጥር ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ መከራ ባልመጣ ነበር።

ምክንያቱ ይገባኛል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ነው። ግን ሰፈር ውስጥ ያለው ተማሪ ብቻ ነው እንዴ? ግንበኛው፣ አናጢው፣ ጡረታ የወጣው መምህር የት ሄዱ?

የደም ጉዳይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከለጋሹ ብዙው ተማሪ ስለሆነ ትምህርት ሲዘጋ የሚሰበሰበው ደም ይቀንሳል። በወሊድ ደም የሚፈሳት እናት ግን መስከረምን አትጠብቅም። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ቀይ የደም ሕዋስ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ነው። ስለዚህ በሰኔ 7ቱ የዓለም የደም ለጋሾች ቀን የሰጠነው ለነሐሴ አይደርስም። ተማሪው በሌለበት ሐምሌና ነሐሴ ተራው የእኛ የአዋቂዎቹ መሆን ነበረበት።

ችግኝ መትከሉ በወቅቱ ነው፤ የካቲት ላይ ጀሪካን ይዞ የሚያጠጣ ግን አይታይም። የፍሳሽ ቦይም ግንቦት ሳያልቅ ነው መጠረግ ያለበት። ጎርፍ ከገባ በኋላ አካፋ ማንሳት ምን ይጠቅማል?

ታዲያ ማን ያስተባብር? የእድር ጸሐፊ ነኝና ለራሴ አደላ ይሆናል፤ ግን መልሴ እድር ነው። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ከሁሉም በላይ መዝገብ አለን። መዋጮ አዘውትሮ ሲከፍል ኖሮ ድንገት የሚያቋርጥ አባል ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ደርሶበታል። ታሟል፣ ሥራ አቁሟል፣ ወይም የሚልከው ልጅ የለውም። የእድር ደንብ ለዚህ የሚያውቀው መልስ ቅጣት ነው። ቅጣቱ ከመጻፉ በፊት አንድ ሰው በራቸውን ቢያንኳኳስ?

ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያላቸውን አዛውንት አስቡ። ካርድ ማውጫው ወረፋ፣ ላብራቶሪው ሌላ ወረፋ፣ መክፈያው ታች፣ ውጤቱ ላይኛው ፎቅ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ይህ ከሕመሙ ይብሳል። ወረቀቱን ይዞ የሚሮጥላቸው አንድ ወጣት ካገኙ ግን አግዳሚው ላይ አረፍ ብለው ይጠብቃሉ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግማሽ ቀን ነው። እንደዚሁም ጡረተኛው መምህር የ8ኛ ክፍል ልጆችን ከገና ጀምሮ በእድሩ አዳራሽ ቢያስጠና፣ ፈተና ሲደርስ ከሚደረገው ጥድፊያ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤያችን በአጀንዳ አስይዣለሁ። ከወዲሁ «እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው» የሚሉኝ አሉ፤ ከነሱም አንዱ ሊቀመንበራችን ናቸው። በሌሎች ሰፈሮች ከቀብር አልፈው የሚሠሩ እድሮች ካሉ ጋዜጣችሁ ቢያስነብበን ክርክሩ ይቀልልኝ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ